«ራጅ ይነሱ» ስል ኖሬ

ስሙ ይባረክ! ወገኖች፣ እንደምን አደራችሁ? እስቲ ይሄን ማይክ ዝቅ አድርጉልኝ፤ የኳየር ልጆች ቁመት ነው የተስተካከለው። እሺ፣ ተባረኩ። መጋቢያችን «ምስክርነት ያለው አለ ወይ?» ሲሉ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ዝም ካልኩ ድንጋይ ይቀድመኛል ብዬ ነው። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ቆሜአለሁ። ደግሞ «ቆሜአለሁ» ስል ለወጉ ያህል አይደለም፤ በገዛ እግሬ ቆሜአለሁ ማለቴ ነው። ሃሌ ሉያ!

አብዛኞቻችሁ ፊቴን ታውቁታላችሁ፤ የት እንደምታውቁኝ ግን ጠፍቷችሁ ይሆናል። ልንገራችሁ። የአስቴር ባል ነኝ። እዚህ ኳየር ውስጥ ዳር ላይ ቆማ ስትዘምር የኖረችው አስቴር፣ ጌታ የሰበሰባት አስቴር። እሁድ እሁድ እሷን እስከ ግቢው በር አድርሼ ውጭ የምቀረው ሰውዬ እኔ ነኝ። የሰንበት ትምህርት ልጆች «የበሩ ሰውዬ» ይሉኝ ነበር። የማልሰማ መስሏችሁ ነው? እሰማ ነበር። ይኸው የበሩ ሰውዬ ገባ፤ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን!

ስሜ ግርማ ነው። ሥራዬ ራጅ ማንሳት ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የዚህን ከተማ ሰው አጥንት ሳነሳ ኖሬአለሁ። እዚህ ከተቀመጡት አባቶችና እናቶች ውስጥ ስማቸውን ረስቼ የጎድናቸውን አቀማመጥ የማስታውሳቸው አሉ። አይሳቁ፣ እትዬ፤ እርስዎንም ጨምሮ ነው።

ወገኖች፣ ያን ጊዜ እንዴት ይናፍቀኛል መሰላችሁ! ከተማችን አዳማ ገና ናዝሬት ነው የምትባለው። ባጃጅ የሚባል ነገር የለም፤ ሕመምተኛ የሚመጣው በጋሪ ነው። የፈረሱ ቃጭል ከበሩ ሲሰማ ያልጋውን አንሶላ እናስተካክላለን። ከወንጂ ይመጣል፣ ከመተሐራ ይመጣል፣ ከሁሩታ ይመጣል። ፊልሙን ካነሳሁ በኋላ ጨለማ ክፍል እገባለሁ። ቀይ አምፖል አለች፣ ትንሽ። የማጠቢያው መድኃኒት ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል፤ አስቴር ማታ ልብሴን እያሸተተች «ዛሬም ሰላጣ ሆነህ መጣህ» ትለኝ ነበር። ፊልሙ ፈሳሹ ውስጥ ቀስ እያለ ጎድኑን፣ ክንዱን፣ ጣቱን ሲያወጣ አይቼ አልጠግብም። ከዚያ እንደ ልብስ እሰቅለዋለሁ። ሲደርቅ ወደ መስኮቱ አነሳና በናዝሬት ፀሐይ አየዋለሁ። ሰውም ፊልሙን በትልቅ ፖስታ በብብቱ ይዞ ጋሪ ላይ ይወጣል፤ ቤቱ ሲደርስ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጠዋል፤ እንግዳ ሲመጣ አውርዶ ያሳያል። ዛሬ ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ጥሩ ነው፣ ፈጣን ነው፤ እኔ ግን ያቺን ቀይ አምፖል እወዳት ነበር።

እና ወገኖች፣ ትዕቢቴም እዚያው ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው ያደገው። የእኛ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ አጥንት ላይ ይቀራል፤ ሲጠጣው የኖረ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፣ አጥንቱም ፊልም ላይ ከልክ በላይ ይነጣል። እኔ ፊልሙን ብቻ አይቼ «ይሄ ሰው ቆላ ነው ያደገው» ስል ሰው ይደነቃል። አየሁ፣ አወቅሁ፣ ተናገርኩ፤ በቃ። ፊልም ላይ የሌለ ነገር ለእኔ የለም። አስቴር ስለ ጌታ ስትነግረኝ «አስቲ፣ እኔ ያላየሁትን አላምንም» እላታለሁ። እሷ ደግሞ መልስ አታጣም። «ወይ ጉድ! ናዝሬት ተቀምጠህ የናዝሬቱን ሳታውቅ ልትሞት ነው?» ትለኛለች። እስቃለሁ። እሷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከእኔ ቀድሞ ያልቃል።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ሰው ፎቶ ይነሳል እንላለን፣ ራጅም ይነሳል እንላለን፤ አይደል? እኔም ቀኑን ሙሉ «ራጅ ይነሱ፣ ራጅ ተነሺ፣ ራጅ ተነስ» ስል ነው የምውለው። አንድ ቀን ከሁሩታ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ገበሬን ዘመዶቻቸው ተሸክመው አመጧቸው። ከእህል ጭነት ላይ ወድቀው ዳሌያቸውን ተመትተዋል፤ ከወደቁ ጀምሮ እግራቸውን መሬት አላስነኩም። አማርኛቸው ትንሽ ናት፤ የእኔ ኦሮምኛም ያኔ ከሰላምታ አታልፍም። «ኦቦ፣ አካም ጅርቱ» አልኳቸውና «አሁን ራጅ ይነሳሉ» ብዬ ማሽኑን ላስተካክል ዞርኩ።

ዞር ብዬ ሳይ ሰውዬው የሉም! ማለቴ አልጋው ላይ የሉም። ቆመዋል! ግድግዳውን ይዘው፣ ላባቸው እየፈሰሰ፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ቀጥ ብለው ቆመዋል። «ተነሳሁ» አሉኝ። «ራጁስ የታለ?»

ወገኖች፣ መጀመሪያ ጮህኩ፣ ቀጥሎ ሳቅሁ። ዘመዶቻቸውም ሳቁ። መልሰን አስተኝተን አነሳናቸው፤ ደግነቱ አጥንታቸው አልተሰበረም ነበር። በአስተርጓሚ «ኦቦ፣ ይህን ያህል እያመመዎት ምን አስነሳዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰውዬው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «አንተ ተነስ አልከኝ። ጉልበቴን ባታውቅ ኖሮ ተነስ አትለኝም ነበር» አሉኝ።

ይህን ታሪክ ያልነገርኩት ሰርግ፣ ያልነገርኩት ጠጅ ቤት የለም። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። አስቴር ብቻ አንድም ቀን አልሳቀችበትም። «እኔ ግን በሰውዬው እቀናለሁ» ትል ነበር። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሴት ነገር ታከብዳለች ብዬ አለፍኩት።

እሁዶቻችንን ልንገራችሁ። ጠዋት ተነስታ ነጭ ልብሷን ትለብሳለች፤ መጽሐፍ ቅዱሷን እኔ ነኝ የምይዝላት። ሰፈራችን ሩቅ አይደለም፤ በእግር ነው የምንመጣው፤ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ አቧራው ሳይነሳ። መንገድ ላይ የምታጠናውን መዝሙር በጉሮሮዋ ታንጎራጉራለች። በሩ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን እሰጣታለሁ። «ግባ እንጂ፣ ግርማዬ» ትላለች። «ገና ነው» እላለሁ። ዘበኛችን ደበሌም ይሰማል፤ ያው እዚያ ቆሟል፣ ይመስክር። እሱ ደግሞ በኦሮምኛ «ሴኒ» ይለኛል፤ ግባ ማለቱ ነው። «ደበሌ፣ አንተ በርህን ጠብቅ» እለዋለሁ። ከዚያ ግንቡ ጥግ ጥላው ውስጥ ጋዜጣ ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ጋዜጣውን አላነብም ነበር፣ ወገኖች። በድምፅ ማጉያው ሁሉንም ነገር እሰማ ነበር። ከመዘምራኑ ድምፅ ውስጥ የእሷን ለይቼ እሰማ ነበር።

ጌታ አስቴርን ሲወስዳት ሰው ሁሉ «ግርማ ከእንግዲህ ወደዚያ በር አይመጣም» አለ። እኔ ግን እሁድ ሲደርስ እግሬ ራሱ አመጣኝ። መጽሐፍ ቅዱሷን ይዤ እመጣለሁ፤ የምሰጠው ሰው የለም። ግንቡ ጥግ እቀመጣለሁ፣ መዝሙሩን እሰማለሁ፤ የእሷ ድምፅ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይሰማኛል። አልቅሼ እመለሳለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ለእናንተ ተናገርኩ።

እንግዲህ በሽታው የመጣው በዚህ መሃል ነው። አንድ እሁድ በሩ ላይ ደርሼ ደበሌን ሰላም ስለው ቁልቁል ያየኛል። «ግርማ፣ አንደኛው ጫማህ የታለ?» አለኝ። ሳይ ቀኝ እግሬ ባዶ ነው። ነጠላ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቃ ቀርታ አስፋልቱን በባዶ እግሬ ነው የመጣሁት፤ አላወቅሁም! ደበሌ ሄዶ ጫማዬን ከታክሲ ተራው አጠገብ አገኘልኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እርጅና ነው ተባባልን።

እርጅና አልነበረም። እግሬ ጥጥ የረገጠ ይመስለኝ ጀመር። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ጀርባዬ መሃሉ ላይ ይነዘንዘኛል። ታዲያ የት ልሂድ? ወደማውቀው ነዋ! ወደ ድሮ ሥራ ቦታዬ ሄድኩና ልጆቹን «አንሱኝ» አልኳቸው። አነሱኝ። ጥሩ ልጆች ናቸው፤ «ጋሼ፣ ሐኪም ይየው» አሉኝ። «ለማን ነው የምትነግሩት?» አልኩና ኮምፒውተሩ ላይ ራሴ አየሁት። አከርካሪዬ ቀጥ ብሎ ተደርድሯል፤ የተሰበረ የለ፣ የተንሸራተተ የለ። «ንጹህ ነው» አልኩ። ለራሴ ራሴ ፈረድኩና ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ? ወጌሻ አሸኝ። ወንድሜ «ይሄ የሰው እጅ አለበት፣ ራጁ ንጹህ ከሆነ ድግምት ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ፊልሙ ንጹህ ነው ብዬ ማንንም አልሰማም። እግሬ እየሞተ አፌ «ንጹህ ነው» ይላል። ያላየሁት ነገር ለእኔ የለም ብዬ አይደል የኖርኩት! አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዬ ልወርድ ስል ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ተነስ ብለውም እግሬ አልሰማኝም። ልጄ ሰላማዊት ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው የምትሠራው፤ ሥራዋን ጥላ መጣች። ጎረቤት ተሸክሞኝ ባጃጅ ውስጥ አስገባኝ። ያኔ እንደ ኦቦ ቱሉ ተሸክመው ወሰዱኝ፤ ግን ያን ሰዓት ኦቦ ቱሉን አላስታወስኳቸውም።

የመረመረችኝ ዶክተር በዕድሜ ከልጄ አትበልጥም። እግሬን በመርፌ ጫፍ እየነካች «ጋሼ፣ ይሄ ይሰማዎታል?» ትለኛለች። «አይሰማኝም።» «ይሄስ?» «አይሰማኝም።» ከሆዴ በላይ ስትደርስ ብቻ «አዎ» አልኩ። መርፌውን አስቀመጠችና ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ኤምአርአይ ይነሱ» አለችኝ።

«ዶክተር፣ ራጄ እኮ ንጹህ ነው። እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ልክ አይተዋል። ራጅ ግን ግድግዳውን ነው የሚያሳየን። እኔ የፈለግሁት ቤቱ ውስጥ ያለውን ነው።»

ወገኖች፣ ይህች ልጅ ሳታውቀው ሰበከችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ሳይ ኖሬ ቤት ያየሁ ይመስለኝ ነበር! ጌታ ይባረክ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ድሮ እንዲህ ዓይነት ምርመራ ቢፈለግ «ውጭ አገር ሂድ» ነበር የሚባለው፤ ያው ሙት ማለት ነው። ቆይቶ አዲስ አበባ መጣ። አሁን እዚሁ አዳማ፣ በባጃጅ ደርሼ ነው የተነሳሁት። ኤምአርአይ እንደ ራጅ ጨረር የለውም፤ ትልቅ ማግኔት ነው። በሰውነታችን ውስጥ ካለው ውሃ ነው ምስል የሚያወጣው። ሥጋውን፣ ነርቩን፣ ፈሳሹን ያሳያል። ይህን ጥበብ ለሰው ልጅ የሰጠው ማን ነው? እሱ ነው! በመሣሪያ ቢሠራ፣ በሐኪም እጅ ቢሠራ፣ ሠሪው ያው እሱ ነው። አሜን በሉ እንጂ!

የምታነሳኝ ልጅ መጣች፤ ትሑት ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ? ሰዓት? ቁልፍ? ቀለበትዎንም ያውልቁልኝ» አለችኝ። ሌላውን አወለቅሁ። ቀለበቱ ግን የአስቴር ቀለበት ነው፤ እሷ ካጠለቀችልኝ ቀን ጀምሮ ከጣቴ ወጥቶ አያውቅም። ጣቴ ወፍሮበት እምቢ አለ። ሰላማዊት በሳሙና እያሸች፣ እያለቀሰች አወጣችው። ሥሩ ያለው ቆዳ እንደ ሙሽራ ጊዜዬ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። እኔም አለቀስኩ። «ጋሼ፣ ወጥተው መልሰው ያጠልቁታል» አለችኝ ልጅቷ። ያን ጊዜ ነው እውነቱ የገባኝ፤ እዚያ ማሽን ውስጥ የምገባው ብቻዬን ነው። ሚስቴ የለችም፣ ቀለበቷም የለም፣ እግሬም የለም።

አስተኝታ ወደ ውስጥ ገፋችኝ። በድምፅ ማጉያ «ጋሼ፣ አይፍሩ፤ ሥዕል ብቻ ነው። አይንቀሳቀሱ» አለችኝ። የእኔ የራሴ ቃል! ስንቱን «አትፍራ፣ ሥዕል ብቻ ነው» ስል ኖሬአለሁ! እየፈራ የተኛውን ሰው አንድም ቀን አላየሁትም ነበር፤ አጥንቱን ብቻ ነበር የማየው። ከዚያ ማሽኑ ጀመረ። የእኔ ራጅ ቀጭ ብላ ዝም ነው የምትለው፤ ይሄ ግን ያንኳኳል። ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ! ያቆማል። እንደገና ዱግ ዱግ ዱግ! ላቤ ይፈሳል፤ መጥረግ አልችልም፣ አትንቀሳቀስ ተብያለሁ። ጣሪያው አፍንጫዬ ላይ ነው። እንደ መቃብር ነው፣ ወገኖች። በእጄ የሚጨመቅ ደወል ሰጥታኛለች፤ ልጨምቀውና ልውጣ አልኩ።

እዚያ ላይ ነው አንድ ሐሳብ የመጣልኝ። «ግርማ፣ አንተ በር ላይ የቆምክ መስሎህ ነበር። የቆመውስ ሌላ ነው። ይኸው ያንኳኳል።» ድምፅ ሰማሁ አልላችሁም። ማሽን ነው፤ ማሽን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ልቤ ሰማ። ያን ጊዜ እንዲህ አልኩ፦ «የአስቴር ጌታ ሆይ፣ አላውቅህም፤ ጸሎትም አላውቅም። አጥንቴን እኔ አይቼዋለሁ። የቀረውን አንተ እየው። ልብና ኩላሊት የምትመረምር አንተ ነህ ትል ነበር አስቴር። ግባና እየው።» በቃ ይሄ ነው ጸሎቴ። ደወሉን አልጨመቅሁትም። ማሽኑ እያንኳኳ እኔ እያለቀስኩ፣ ሳልንቀሳቀስ ተኛሁ። ሃሌ ሉያ! ሰው ጌታን ቆሞ ይቀበላል፣ ተንበርክኮ ይቀበላል፤ እኔ ተኝቼ «አትንቀሳቀስ» ተብዬ ነው የተቀበልኩት!

ስወጣ ልጅቷ «እንዴት ጎበዝ ነዎት! አንድም ሥዕል አልተበላሸም» አለችኝ። ሰላማዊት ቀለበቴን መልሳ አጠለቀችልኝ።

ዶክተሯ ሥዕሉን አሳየችኝ። እንዴት ያለ ነገር ነው! ጀርባዬ እንደ ዳቦ ተቆራርጦ አንድ በአንድ ይታያል። ኅብለ ሰረሰሩ በነጭ ውሃ ውስጥ እንደ ክር ወርዶ ወርዶ፣ መሃል ላይ አንዲት እጢ ተጭናው ትታያለች። ራጁ አላያትም። እኔ አላየኋትም። እዚያ ግን ነበረች። «ጋሼ፣ ክፉ ዓይነት አትመስልም። ግን ትውጣ፤ ከቆየች እግርዎ አይመለስም» አለችኝ። «ከወጣችስ እሄዳለሁ?» አልኳት። «ተስፋ አለ። ቃል ግን አልገባልዎትም» አለችኝ። ስለ ሐቀኝነቷ ጌታ ይባርካት።

ለኦፕራሲዮኑ ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ስል እናንተ መጣችሁ። ወገኖች፣ አስታወሳችሁ? ሽማግሌዎቹ፣ የአስቴር የኳየር ጓደኞች፣ ደበሌ ሳይቀር! ለበሩ ሰውዬ ቤቱ ድረስ መጥታችሁ አልጋዬን ከብባችሁ ጸለያችሁ። እኔ በራችሁ ላይ ስቀር ኖሬ፣ እናንተ በሬን አልፋችሁ ገባችሁ። ይህን ውለታ በምን እከፍላለሁ!

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። እጢዋ ወጣች፣ ተመረመረች፤ ክፉ አልነበረችም። ክብር ለስሙ ይሁን! እግሬ ግን ያው እግር ነው። ጣቴን ትንሽ አንቀሳቅሳለሁ እንጂ ሌላ የለም። ተኝቼ የአስቴርን መጽሐፍ ቅዱስ አነባለሁ። በመቅደሱ በር ላይ ያስቀምጡት የነበረው ያ እግሩ የማይሠራ ሰውዬ ታሪክ ላይ ደረስኩ። እናንተ ከልጅነታችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ያኔ ነው ያነበብኩት። በር ላይ የተቀመጠ ሰው! በናዝሬቱ ስም ተነስ የተባለ ሰው! መጽሐፉን ደረቴ ላይ አስቀምጬ «አስቲ፣ ይህን እያነበብሽ ነበር በሩ ላይ ትተሽኝ የምትገቢው?» አልኩ።

አንድ ጠዋት እግር የሚያለማምደው ባለሙያ መጣና «ጋሼ፣ ዛሬ ይነሱ» አለኝ።

«ነገ» አልኩት። ፈራሁ፣ ወገኖች። ተኝቼ ሳለሁ ተስፋ አለኝ፤ ተነስቼ ብወድቅ ግን ተስፋዬም አብሮኝ ይወድቃል። በበሩ ላይ «ገና ነው» ስል የኖርኩ ሰው እዚያም «ነገ» አልኩ። ልጁ ግን አልሄደም። «ጋሼ፣ ምርመራዎን አይቻለሁ። የማይችሉ ቢሆን ይነሱ አልልዎትም ነበር» አለኝ።

አቤት ጌታ! ኦቦ ቱሉ መጡብኝ! ላባቸው እየፈሰሰ፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳውን ይዘው፤ «ጉልበቴን ባታውቅ ኖሮ ተነስ አትለኝም ነበር።» ዕድሜዬን ሙሉ የሳቅሁበት ሰውዬ! አስቴር የቀናችበት ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ጉልበታቸውን አላውቅም ነበር እኮ፤ የራጁን ነገር ነው ያወራሁት፤ እሳቸው ግን በእኔ በማላውቀው ሰው ቃል ተነስተው ቆሙ። እኔስ? የሠራኝ፣ በዚያ ማሽን ውስጥ አብሮኝ የነበረው ጌታ ጉልበቴን አያውቅም? «በናዝሬቱ ስም» አልኩና የልጁን ትከሻ ያዝኩ። እግሬ ተንቀጠቀጠ። ላቤ ፈሰሰ። ቆምኩ! ወገኖች፣ ቆምኩ! ልጁን «ተነሳሁ፣ ራጁስ የታለ?» አልኩት። ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ሕመሙ ያስቀባጠረኝ መሰለው። እኔና ሰላማዊት ግን እያለቀስን ሳቅን፤ ልጄ ያን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ነው ያደገችው።

ቤቴ ተመልሼ በከዘራ ትንሽ ትንሽ ተለማመድኩ። ከዚያ አንድ እሁድ የአስቴርን መጽሐፍ ቅዱስ ያዝኩና በዚያው በድሮው መንገዳችን መጣሁ። ጫማዬን ጠበቅ አድርጌ ነው ያሰርኩት፤ ደበሌ ደግሞ እንዳይሮጥብኝ ብዬ። በሩ ላይ ደረስኩ። መጽሐፉን የምሰጠው ሰው የለም። ደበሌ አየኝ። እንደ ሁልጊዜው «ሴኒ» አለኝ። እኔም «ገና ነው» ሳልል አልፌው ገባሁ። ያ ሰው በሩን ትቶ ከኋላዬ እያለቀሰ ተከተለኝ። በዚያን ቀን በሩን የጠበቀው ጌታ ነው።

ዛሬም ከዘራ አለኝ፤ ቀኝ እግሬ ደግሞ አልፎ አልፎ ይሰንፋል። ፍጹም ድኛለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ እዘምራለሁ፤ ድምፄ መጥፎ መሆኑን አጠገቤ የተቀመጡት ያውቃሉ። መዝሙሩ ሲጀመር አስቴር የነበረችበትን ዳር አያለሁ። ባዶነቱ አሁን ያን ያህል አይከብደኝም። አብረን የገባን ያህል ነው የሚሰማኝ። ብታየኝ ምን ትል ነበር? «ሰላጣው መጣ» ትል ነበር። ጌታ ይመስገን፣ ጌታ ይመስገን!

ወገኖቼ፣ የታመማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ሐኪም ተነሱ ያላችሁን ሁሉ ተነሱ። የጌታንም ቃል አትፍሩ፤ ጉልበታችሁን ሳያውቅ ተነሱ አይላችሁም።

ደግሞ አንድ የቀረኝ አለ። ይሄ ድምፅ ማጉያ ውጭ እንደሚሰማ አውቃለሁ። ግንቡ ጥግ፣ ጥላው ውስጥ ተቀምጠህ ጋዜጣ የዘረጋህ ወንድሜ፣ ሚስትህን አድርሰህ «ገና ነው» ያልክ፣ እንደማታነብ አውቃለሁ። ያ ቦታ የእኔ ነበር፤ ጥላው ደስ ይላል፣ እኔም አልረሳሁትም። ግን ፀሐይ ስትዞር ጥላው ይሄዳል። ደበሌ፣ በሩን ሰፋ አድርገህ ክፈትለት።

ወንድሜ፣ ተነስ። ሴኒ።